የድሮውን የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ፊቱን ሳትሸፍኑ ለማደስ

ሙያዬ ልስንና ቴራዞ፣ ማለትም በሲሚንቶና በእብነ በረድ ጠጠር የሚሠራ ወለል፣ ነው። አዳማ ውስጥ የድሮ ምግብ ቤት ያላቸው ሰዎች ቤታቸውን ማዘመን ሲያምራቸው ይጠሩኛል። ትእዛዙ ብዙም አይለያይም። ፊቱ አልኮቦንድ በሚባለው የአሉሚኒየም ልባስ ይሸፈን፣ ወለሉ ሴራሚክ ይልበስ፣ የብረት መስኮቱ ወጥቶ አሉሚኒየም ይግባ። እኔ ደግሞ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ጣሪያውን እንየው» እላለሁ። አንዳንዱ እዚያው ሌላ ሰው ይቀጥራል። ይቅጠር። የሚሰማኝ ሰው ግን ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል።

የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ቤት በእጁ ላለ ሰው ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወደ አሰብ፣ ወደ ሐረርና ወደ አሰላ በሚወስዱት መንገዶች ዳር የተሠሩትን ማለቴ ነው። በረንዳቸው ወደ አስፋልቱ የተከፈተ ነው። ፊት ለፊታቸው ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው የሚያቆም ሜዳ አለ። ከመግቢያው በላይ ቀጭን የሲሚንቶ ጥላ ያለ ምሰሶ ወደ ፊት ይወጣል። ውስጥ ረጅም ባንኮኒ፣ ቴራዞ ወለል፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ። ሹፌር ካልፈለገ ከመኪናው አይወርድም፤ አስተናጋጁ ትሪውን ይዞ መስኮቱ ድረስ ይሄድለታል።

ፊቱ ለምን አይነካም?

እነዚህ ቤቶች የተሠሩት በሚሮጥ መኪና ውስጥ ሆኖ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው ነው። ሹፌሩ ፍሬን ለመያዝ ጊዜ እንዲያገኝ ቤቱ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ጥላው፣ ቀለሙና ትልልቁ ፊደል ይህን ሥራ ይሠራሉ። አልኮቦንድ ስትለብጡበት ከባንኩና ከፋርማሲው የማይለይ ሌላ ብልጭልጭ ግድግዳ ይሆናል። የድሮ ደንበኛ አልፏችሁ ይሄዳል።

ነገሩ በደንብ የተጠናው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ዳላስ ውስጥ የተከፈተው «ፒግ ስታንድ» መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ምግብ በማቅረብ ቀዳሚ ሆኖ ይጠቀሳል። በኋላ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ጣሪያቸው ሽቅብ የተወረወረ፣ ምልክታቸው ከቤቱ የሚገዝፍ ቡና ቤቶች በዙ። ስልቱ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1949 ጆን ላውትነር ከነደፈው «ጉጊስ» ከተባለ ቡና ቤት ነው። ቤቱ ራሱ በ1989 ፈርሷል። ደንበኛውን የወሰደው መንገድ ነው። የ1956ቱ የአውራ ጎዳና ሕግ ከተሞችን እየዘለሉ የሚያልፉ ሰፋፊ መንገዶችን አመጣ። ዝነኛው አገር አቋራጭ መንገድ ሩት 66 በ1985 ከመንገድ ዝርዝር ተሰረዘ። እኛም ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ በድሮው መንገድ ዳር ምን እንደሆነ አይተናል።

ከአሜሪካኖቹ በምሳሌነት የምወስደው አንድ ቤት አለ። ካሊፎርኒያ፣ ዳውኒ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ማክዶናልድስ ነው። ዛሬ ካሉት ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው። ከ1994ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ተዘግቶ ነበር። ሕዝቡ ጮኸ፣ የቅርስ ተቆርቋሪዎችም ለአደጋ ከተጋለጡ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። በ1996 ታድሶ ተከፈተ። እኔን የሚገርመኝ እስከ ዛሬ በርገር እየሸጠ መሆኑ ነው። ምግብ የማይሸጥ ምግብ ቤት የሚጠብቀው አያገኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ቤቱ እየሠራ የሚደረግ ነው።

ወረቀቱን አስቀድሙ

አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቤቱ የማን እንደሆነ በወረቀት ይታወቅ። በእኛ አቆጣጠር በ1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ብዙ ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኗል። ከእነዚህ ምግብ ቤቶች ውስጥም የቀበሌ ቤት የሆነ አለ። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ሚስማር አትምቱ። ለግንባታ ፈቃድ የሕንፃ አዋጅ አለ። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይመለከተዋል፤ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ጥገና አይደረግም። ካልተመዘገበ የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የመንገድ ማስፋትና የኮሪደር ሥራ በየቦታው ስላለ፣ የመንገዱ ወሰን በረንዳችሁን ይነካ እንደሆነም ከፕላን ክፍል አጣሩ። ይህን ሳያጣሩ ወለል አስሞርደው የሚያስወለውሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ቀጥሎ ፎቶ። ስልካችሁ ይበቃል። እያንዳንዱን ግድግዳ ፊት ለፊት፣ እያንዳንዱን በርና መስኮት፣ የባንኮኒውን ጠርዝ፣ የወለሉን ንድፍ አንሱ። ሜትር ይዛችሁ ለኩና ደብተር ላይ ሳሉት። ሥዕል አልችልም ማለት አይሠራም፤ መስመርና ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ ሽማግሌ ሹፌሮችንና የድሮ አስተናጋጆችን ጠይቁ። የሠርግ አልበምም ይታይ። ድሮ ሙሽራ በእነዚህ በረንዳዎች ላይ ፎቶ ይነሳ ነበርና የጠፋ መብራት ወይም የተነሳ አጥር እዚያ ይገኛል።

የመጀመሪያውን ቀለም ለማወቅ ከበሩ መቃን ጀርባ፣ ዝናብና ፀሐይ ያላገኘው ቦታ ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ያህል በምላጭ ቀስ እያላችሁ ፋቁ። ሽፋኖቹ አንዱ ከአንዱ ሥር ይወጣሉ። እኔ ከቡኒው ሥር ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ከዚያም ሥር ክሬም ሳገኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል። ባለቤቶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ይሄ ነው እንዴ?» ብለው ያዝናሉ።

ከላይ ጀምሩ፤ ጥላውና ጣሪያው

መሰላል አምጡ። ጥላው ላይ አትርገጡ፤ ከመሰላሉ ላይ ሆናችሁ እዩት። የደረቀ ቅጠል፣ የተደፈነ ቱቦ፣ የዲሽ እግር፣ የልጆች ኳስ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ላይ ሮቶ፣ ማለትም የውሃ ታንከር፣ ተቀምጧል።

ሮቶውን ዛሬውኑ አውርዱ። ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው። የተለመደ ስላብ ዋናው ፌሮ፣ ማለትም ሲሚንቶው ውስጥ የሚቀበረው ብረት፣ ከታች በኩል ነው። ያለ ምሰሶ የወጣ ጥላ ግን ጫፉ ወደ ታች ሲጎትት የሚለጠጠው የላይኛው ገጹ ነው። ስለዚህ ዋናው ፌሮ ከላይ ተቀብሯል። ውሃ ከላይ ካቆረ የሚዝገው ጥላውን የያዘው ብረት ነው ማለት ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ሲሚንቶውን ይሰነጥቃል። ከታች ለቆመ ሰው ምንም አይታየውም። ጥላው ከግድግዳው በሚነሳበት መስመር ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ከሥሩ ሰው አታስቀምጡ፣ ኢንጂነር ጥሩ። ድጋፉ የት እንደሚቆም እሱ ይንገራችሁ። ይህን ለሳኝ አይፈርድም፤ እኔም አልፈርድም።

በደንብ የተሠራ ጥላ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። አስመራ ያለው «ፊያት ታሊዬሮ» እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራ ነዳጅ ማደያ ነው። ሁለቱ የሲሚንቶ ክንፎቹ ያለ አንድ ምሰሶ እስካሁን እንደተዘረጉ ናቸው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ ቅርስ ሆና ዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ ገብታለች።

ጉዳቱ የላይ የላዩን ከሆነ ጥገናው እንዲህ ነው። የላላውን ሲሚንቶ በመዶሻና በመሮ አንሱ፤ ዝገት የሌለበት ብረት እስክታገኙ ድረስ ክፈቱ። ፌሮውን በሽቦ ብሩሽ ፈትጉና ፀረ ዝገት ቀቡ። ዙሪያውን አርጥቡ፣ ቦያካ (በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ) ቀቡት፣ ሳይደርቅም አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ እየደራረባችሁ ሙሉ። ወደ ቱቦው ቁልቁለት ስጡት፤ በሜትር ሁለት ሴንቲ ይበቃል። የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ሲሚንቶን ሳይጠነክር ያደርቀዋል። ማለዳ ሥሩ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሱት፣ ሳምንት ሙሉ ውሃ አጠጡት። «ውሃ ምን ያደርጋል» የሚል ሠራተኛ ከመጣ ሒሳቡን ሰጥታችሁ ሸኙት።

ቆርቆሮው በአብዛኛው የሚያፈሰው በሚስማሩ ቀዳዳ ነው። ሙሉውን ከመቀየር በፊት ሚስማሮቹን የጎማ ቀለበት ባላቸው ቀይሩ፣ አሸንዳውን ጥረጉ። የአዳማ ሌላው ጣጣ ከታች የሚመጣው ውሃ ነው። ከተማዋ በኮረብታ የተከበበች ስለሆነች ጎርፉ ወደ ውስጥ ይወርዳል። አስፋልቱም በተደረበ ቁጥር ከፍ ስለሚል ድሮ ከመንገዱ ከፍ ያለ በረንዳ ዛሬ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በረንዳውን አታንሱት። ከፊቱ በብረት ወንፊት የተከደነ ቦይ ቆፍሩና ውሃውን ወደ ጎን አዙሩት።

ስለ ስንጥቅ አንድ ነገር። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቷል። ስንጥቅ ባያችሁ ቁጥር ልስን አትድፈኑበት። በስንጥቁ ላይ ጣት የሚያህል ጂፕሰም አቋርጣችሁ ለጥፉ፣ ቀኑን ጻፉበት። ጂፕሰሙ ከተሰበረ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው። ካልተሰበረ ድፈኑትና ቀቡት።

ቴራዞው

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ሴራሚክ ላልብስ ብለው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ወለሉ አርጅቷል፣ ጠቁሯል» አሉኝ። «እትዬ፣ የጠቆረው ወለሉ አይደለም፤ የጠቆረው ሰሙ ነው» አልኳቸው። ለዘመናት ሰም በሰም ላይ ሲቀባ አቧራውን ይዞ ይቀራል። ጥግ ላይ በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና ዱቄት ፈትጌ አሳየኋቸው። ቀይና ነጭ የእብነ በረድ ጠጠር ወጣ። «ይሄ እኮ እናቴ ያሠራችው ነው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሴራሚክ አልተነጋገርንም።

ሴራሚክ ለመለጠፍ ለሳኙ ወለሉን በመዶሻ ያበሳሳዋል፤ አለዚያ ማጣበቂያው አይዝም። አንዴ ከተበሳሳ መመለሻ የለውም። ወለሉም ከፍ ስለሚል በሮቹ ሁሉ ከታች ይቆረጣሉ። ወጪው ደግሞ ከማስወልወል እምብዛም አያንስም።

አሠራሩን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሰሙን አንሱ። በምንም መንገድ አሲድ አታፍሱ። ለሽንት ቤት የሚሸጠውንም፣ ሎሚም፣ ኮምጣጤም ጭምር። ቴራዞ ሲሚንቶና እብነ በረድ ነው፤ ሁለቱንም አሲድ ይበላቸዋል፤ ወለሉ ለዘለዓለም ደብዛዛ ይሆናል። ከዚያ የተሰበረውን ቦታ በቀጥታ መስመር ቁረጡና አውጡ። መካከሉ የነሐስ ወይም የመስታወት መለያ ካለ አትንኩት፤ እስከ እሱ ድረስ ብቻ ቁረጡ። መሙያው አንድ እጅ ነጭ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ ያህል የእብነ በረድ ጠጠር፣ ትንሽ የቀለም ዱቄት ነው። ዋናው ጥበብ ጠጠሩን ማመሳሰል ነው። በመጠንም በቀለምም። የእብነ በረድ ሠራተኞች ጋር ሄዳችሁ ስብርባሪ ለምኑ፣ ቀጥቅጡ፣ በወንፊት ለዩ። መጀመሪያ በትንሽ ካርቶን ላይ የተለያየ ቅልቅል ሠርታችሁ አድርቁት። እርጥብ ሲሆን የሚመሳሰል ቀለም ሲደርቅ ይለያል።

ሳምንት ያህል ውሃ ጠጥቶ ሲጠነክር ይሞረዳል። ከሻካራው 60 ቁጥር ድንጋይ ጀምሮ 120፣ 220፣ 400 እያለ ይወርዳል። ቁጥር አትዝለሉ። የዘለላችሁት ቁጥር ጭረት የሚታየው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ ነው። ሁልጊዜ በውሃ ይሞረድ። ደረቅ አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ እኛ ሙያተኞቹ ስንስል የምንውለው ለምን ይመስላችኋል? መጨረሻ ላይ የቴራዞ መከላከያ ፈሳሽ ይቀባል። ከዚያ በኋላ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና መወልወል ብቻ ነው።

መስኮት፣ ግድግዳ፣ ጽሑፍ

የድሮው የብረት መስኮት ፍሬሙ ቀጭን ነው። ከውስጥ መንገዱ፣ ከመንገድ ደግሞ ባንኮኒው የሚታየው በዚያ ምክንያት ነው። አሉሚኒየሙ ወፍራም ስለሆነ መስታወቱን ይበላዋል። የዛገውን የታችኛውን ጠርዝ በያጅ ቆርጦ በተመሳሳይ ብረት ይተካው። መስታወቱን የያዘውን የደረቀ ስቱኮ አንሱ፣ ፀረ ዝገት ቀቡ፣ መስታወቱን በአዲስ ስቱኮ መልሱ። ነቅላችሁ ካወጣችሁት ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ቁራሌው በር ላይ ነው።

ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩ። ፊቱ ብሎኬት፣ ጓዳው ጭቃ የሆነ ቤት ብዙ ነው። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አትለስኑ። ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባል። ጭድ ያለው ጭቃ፣ ላዩን ኖራ ይበቃዋል።

የግድግዳ ጽሑፉን ከመቀባታችሁ በፊት ትልቅ ግልጽ ፕላስቲክ ለጥፋችሁ ፊደሎቹን በማርከር ቅዱ። የዚያን ዘመን ቀቢዎች የ«ሆ»ን እግርና የ«ቴ»ን ክንድ የሚያወጡበት መንገድ ዛሬ ኮምፒውተር ውስጥ የለም። ፕላስቲኩን ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ጽሑፉ ገና የሚነበብ ከሆነ ግን ጭራሽ አትቀቡት። በላዩ ባነር መስቀል ደግሞ ያው መሸፈን ነው።

ባንኮኒው ከቦታው አይነሳ። የተቀመጠው በሩንና ሜዳውን በአንድ ዓይን እንዲያይ ሆኖ ነው። ላዩ ላይ እንደ ፋኤማ ወይም ላ ቺምባሊ ያለ የድሮ የጣልያን ቡና ማሽን ካለ፣ ባይሠራም አትሽጡት።

ሜዳው

ብዙ ሰው ቤቱን ጠብቆ ሜዳውን ይሸጣል ወይም ሱቅ ይደረድርበታል። በእኔ ዓይን ይህ ከአልኮቦንዱ ይብሳል። መኪና የማይቆምበት የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ሥራው አብቅቷል። ዛፎቹን አትቁረጡ፤ የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። መሬቱን ሲሚንቶ ከምታፈሱበት ኮብልስቶን አንጥፉ፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ሲሰምጥም ተነቅሎ ይስተካከላል። በትሪ ወደ መኪና ማቅረቡንም አትተዉ። ልጅ ይዞ ለመጣ ወይም እግሩን ለሚያመው ሰው ዛሬም ይመቻል።

ገንዘቡን የት ላውጣው ካላችሁ

ደንበኛ የማያየው ቦታ ላይ። ኤሌክትሪኩን ሙሉ በሙሉ ቀይሩት። የድሮው ሽቦ ልባሱ ደርቆ ይፈረፈራል፤ የተሠራውም ለጥቂት አምፖል እንጂ ለምጣድና ለፍሪጅ አይደለም። እዚህ ላይ የቅርስ ፍቅር አይሠራም፤ እሳት ያመጣል። ወጥ ቤቱን እንደፈለጋችሁ አዘምኑት፣ ሴራሚኩንም እዚያ አልብሱ። ሽንት ቤቱ ንጹሕና ውሃ ያለው ይሁን። መንገደኛ ቤት የሚመርጠው በእሱ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጣሪያና ጥላው ከሰኔ በፊት ይለቅ። ልስንና ቀለም ከመስከረም በኋላ ይሁን። ወለሉን ግማሽ ግማሹን አስወልውሉ፤ አንዱ ጎን ሲሠራ ሌላው ጎን ምሳ ይሽጥ። የተረፈውን ጠጠር፣ የቀለም ዱቄትና ቀለም በየጣሳው ስሙንና ቅልቅሉን ጽፋችሁ ጓዳ አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ለሳኝ እኔ ላልሆን እችላለሁ፤ ካርቶን ላይ የሞከርነውን ቅልቅል ካገኘ ግን ሥራው ግማሽ አልቆለታል።